ሌባ ጣት

ሴትዮዋ ቀኝ እጃቸውን ጓንት ውስጥ መልሰው አልከተቱትም። ውጭው አጥንት የሚሰረስር ብርድ ነው፤ የታክሲዬ ማሞቂያ ደግሞ የፊቱን ወንበር አልፎ ወደ ኋላ የሚደርሰው ከብዙ ልመና በኋላ ነው። እሳቸው ግን ግራ እጃቸውን ብቻ ሸፍነው ቀኙን ባዶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። አንዷ ጣታቸው ከጫፏ እስከ አንጓዋ ሐምራዊ ሆናለች። በመስታወቱ ሳያቸው፣ ገበያ ወጥቶ የጤፍ ጥራት እንደሚመረምር ሰው፣ ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው እያገላበጡ ይመለከቷታል።

ቀኑ ቅዳሜ ጥር 21 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 29 ቀን 2005። አስተርእዮ ማርያም። እኔ ያን ጊዜ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር። በዚያ ቀን ሥራ መዋሌን እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ማታ በስልክ ቤተ ክርስቲያን ስሜ እንደተመለስኩ ነግሬያታለሁ። ይህን ውሸት እስከ ዛሬ አላስተካከልኩትም።

ባልና ሚስቱን ስጭናቸው ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ከሳምንት ገደማ በፊት ከአሌክሳንድሪያ አንስቻቸው «ኒው ካሮልተን» ሲሉኝ፣ «ባቡር ጣቢያው ነው?» አልኳቸው። «አይደለም፣ ለምርጫው ነው» አሉ ሽማግሌው። የምን ምርጫ? አሜሪካ እንደሆነች ከሁለት ወር በፊት መርጣ ጨርሳለች። ከዚያ ገባኝ። ኢራቃውያን ናቸው። ለውጭ አገር ኢራቃውያን በ14 አገሮች የምርጫ ጣቢያ ሲከፈት፣ አሜሪካን በሚያህል አገር የደረሳቸው አምስት ከተሞች አካባቢ ብቻ ነበር፤ ለእኛ ቅርቡ ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ኒው ካሮልተን ሆነ። አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስም አይበቃም። መጀመሪያ ለመመዝገብ፣ ቀጥሎ ድምፅ ለመስጠት፣ ሁለቴ መሄድ ነበረባቸው። ከሌላ ክፍለ አገር ሌሊቱን ሙሉ ነድተው የመጡ ቤተሰቦች የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ዳቦ ሲቆርሱ አይቻለሁ። የእኔዎቹ ደንበኞች እድለኞች ናቸው፤ ከወንዝ ማዶ ነው።

ከገዳሪፍ ገበያ የተቃረመች የሱዳን አረብኛ አለችኝ። «ያ ኻላ» ብዬ፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ ወሬ ስጀምር ሴትዮዋ ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው። ዊልሰን ድልድይ በአዲስ እየተተካ ስለነበር ትራፊኩ ቆሞ ነው የሚውለው፤ ለወሬ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ስደተኛ ስደተኛን መጀመሪያ የሚጠይቀው አገሩን አይመስለኝም፤ ካምፕ ስንት ዓመት እንደቆየ ነው። እኔ ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ፣ እነሱ ራፍሐ። ራፍሐ ሳዑዲ በረሃ ውስጥ ነው፤ በፈረንጆቹ 1991 የደቡብ ኢራቅ አመፅ በደም ሲጨፈለቅ የሸሹት የሰፈሩበት። ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ስም ጠሪው ማስታወሻ አወራን። ድልድዩን ስንሻገር ዘመድ ሆነን ነበር።

ሒሳብ ላይ ግን ዘመድነቱ አልሠራም። «ቆጣሪው የሚለው ይከፈላል» አሉ ሽማግሌው፣ ቆጥረው ከፈሉ።

ሴትዮዋ ሂላ ከምትባል የኢራቅ ከተማ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸውን በዚያ በ1991 መጋቢት ወታደሮች ከቤቱ በር ላይ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ወሬው የለም። ከ12 ዓመት በኋላ፣ የሳዳም አገዛዝ ሲወድቅ፣ ሂላ አጠገብ ማሐዊል በሚባለው ሜዳ ሕዝቡ መሬቱን በእጁና በአካፋ መቆፈር ጀመረ፤ ከሁለት ሺህ በላይ አስከሬን ወጣ። እህታቸው እዚያ ሄዳ በኪሱ በቀረ መታወቂያ ለየችው። አጥንቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወስደው ቀበሩት። አሌክሳንድሪያ ላሉት እህቱ በስልክ ነው የተነገራቸው። «ዐሥራ ሁለት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ሰው ለካ ከቤታችን ሩቅ አልነበረም» አሉኝ።

የእኛ ሊቃውንት ስለ እመቤታችን «ሞት በጥር፣ በነሐሴ መቃብር» ይላሉ። በጥር አርፋ የተቀበረችው በነሐሴ ነውና። ልጅ ሆኜ ይህ አባባል በየዓመቱ በአስተርእዮ ሲነገር የሚገርመኝ የቀኑ ርዝመት ነበር፤ ከጥር እስከ ነሐሴ። አሁን የሚገርመኝ ማጠሩ ነው።

እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠችው ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው፤ ለደርግ አዲሱ ሕገ መንግሥት በተጠራው ሕዝበ ውሳኔ። ጎንደር ነበርን። እኔ 16 ዓመቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ግንባር ነበር። ከሌሊቱ ጀምሮ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ሲቀሰቅስ አደረ። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ምን እንዳለችኝ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «ካልሄድኩ የስኳሩ ደብተር ላይ ይጻፍብኛል።» ስኳር፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ሁሉም ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነበር የሚወጣው። ሄደች፣ ሰጠች፣ ተመለሰች፣ ሽሮዋን ጣደች። ስለምን ድምፅ እንደሰጠች አልጠየቅናትም፤ እሷም አልነገረችንም። ውጤቱ 81 ከመቶ ድጋፍ ሆኖ ተነገረ።

ይህን ለሽማግሌው ሳወራላቸው በዝምታ ሰምተው፣ «እኛ ጋ መቶ ነበር» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነትም በፈረንጆቹ 2002 ጥቅምት ላይ ሳዳም ሁሴን ሕዝበ ውሳኔ አስጠርቶ 11,445,638 መራጮች ወጡ፣ ሁሉም «አዎን» አሉ ተብሎ ተነገረ። አንድ የታመመ፣ አንድ ያኮረፈ፣ አንድ እጁ የተንቀጠቀጠበት ሰው አልተገኘም። ከዚህ ጋር ሲተያይ ደርግ ትንሽ ሐፍረት ነበረው ማለት ይቻላል።

እናቴም የእነዚያ ሰዎች እናትም ያኔ የፈሩት ቤት መቅረትን ነው። በ1997 ጥር ግን ኢራቅ ውስጥ ፍርሃቱ ቦታ ቀየረ። አሁን የሚያስፈራው መውጣቱ ሆነ። ሰው እየጎተተ ወደ ኮሮጆው የሚወስደው መንግሥት የለም፤ የሚያግደው የታጠቀ ሰው ነው ያለው። እኔ ስለዚያ ምርጫ ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይህ የፍርሃት መገለባበጥ ነው። ፓርቲዎቹን ረስቻቸዋለሁ።

የሆነውን ላስታውስ። የምርጫው ቀን ሲቃረብ የብዙዎቹ እጩዎች ስም እንዳይገደሉ ሲባል ተደብቆ ቆየ፤ ሕዝቡ ለ275 የምክር ቤት መቀመጫ ሲመርጥ የሚመርጠው ስምን ሳይሆን ዝርዝርን ነው፤ 111 ዝርዝር። ጣቢያዎቹ የት እንደሆኑ እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ያልተነገረባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ባግዳድ ውስጥ ሃይፋ ጎዳና በሚባለው መንገድ ሦስት የምርጫ ኮሚሽን ሠራተኞች ከመኪናቸው ወርደው በጠራራ ፀሐይ ተረሸኑ፤ ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። ምርጫው ሳምንት ሲቀረው የኢራቁ አልቃይዳ መሪ ዘርቃዊ በድምፅ ካሴት ለዲሞክራሲ ጦርነት አወጀ። ምርጫ አስፈጻሚ ሆኖ በቀን አበል የተቀጠረ አንድ አስተማሪ፣ ያን ካሴት ሰምቶ በማግሥቱ ወረቀት ሊቆጥር ከቤቱ ሲወጣ ሚስቱ በሩ ላይ ምን ትለው ይሆን? ጋዜጣ ይህን አይጽፍም።

እሑድ ጥር 22 ተሽከርካሪ ሁሉ ከመንገድ ታገደ፤ ፈንጂ የሚጫነው በመኪና ነውና። ድንበሩም አየር ማረፊያውም ተዘጋ። ሕዝቡ በእግሩ ሄደ። አሮጊቶች በጋሪ ተገፍተው፣ ሽባዎች በጀርባ ታዝለው። በዚያ ቀን ብቻ ራሳቸውን የሚያፈነዱ ሰዎች በተለያዩ ጣቢያዎች ላይ ተላኩ፤ ወደ 44 ሰው ሞተ፣ አጥቂዎቹን ጨምሮ። ባግዳድ ውስጥ አብዱል አሚር የሚባል ወጣት ፖሊስ፣ ወደ ሰልፉ የሚጠጋን አንድ ሰው ጠረጠረው፣ ወገቡን እቅፍ አድርጎ ከሰዉ አራቀው፣ አብረው ሞቱ። ሰልፈኞቹ ተረፉ። ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፁን ሰጠ፤ ከተመዘገቡት 58 ከመቶ ያህሉ።

ስለ ቀለሙ ነገር ደግሞ። ሁለቴ እንዳይመረጥ ጣት የሚነከርበት ያ ሐምራዊ ቀለም በሳሙና አይለቅም። ዛቻው ያንን ነበር የያዘው፤ ጣቱ የተነከረ ሰው ይታወቃል፣ ይገኛል፣ ይገደላል። ድምፁ ምስጢር ነው፣ መራጭነቱ ግን እጁ ላይ ተጽፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚነከረው ደግሞ ጠቋሚ ጣት ነው፤ አማርኛችን ሌባ ጣት የሚላት። ሁለተኛ ድምፅ እንዳትሰርቅ ከአምስቱ መካከል የምትጠረጠረው ሌባ ጣት ሆነች። ይህን ለሴትዮዋ በተሰባበረ አረብኛዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ግማሹ ብቻ ሳይገባቸው አልቀረም፣ ግን ጣታቸውን አይተው «ሐራሚያ!» አሏት። ሌባ!

ቤቱ የቀረውን ሁሉ ፈሪ ማለቴ እንዳልሆነ ልናገር። አንባር በሚባለው የምዕራቡ ክፍለ ሀገር ድምፅ የሰጠው ሁለት ከመቶ ብቻ ነው። ቤት ከቀሩት መካከል የፈራ አለ፤ በወረራ ሥር የሚደረግ ምርጫ ምርጫ አይደለም ብሎ በሙሉ ልቡ የተወም አለ። ይህኛው ሰው አቋሙን ይዞ ቤቱ ስለተቀመጠ ሊወገዝ አይገባም። እኔ ራሴ ጦርነቱን ደግፌ አላውቅም። ለጦርነቱ ምክንያት ተብሎ የነበረው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ፍለጋ ማብቃቱ የተነገረው በዚያው በጃንዋሪ 2005 ነው፤ ምንም አልተገኘም። (ጦርነቱ ሲጀመር ዋሽንግተን ባወጣችው የደጋፊ አገሮች ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያም ኤርትራም ነበሩበት። ሰባ ሺህ ነው መቶ ሺህ ነው የሚባል ወጣት ካስጨረሱ በኋላ ሁለቱ የተስማሙበትን ነገር ፈልጌ ያገኘሁት ይህንኑ ነው።)

እንግዲህ ወታደሮቹ።

በምዝገባውና በድምፅ መስጫው መካከል፣ ረቡዕ ጥር 18፣ ምዕራብ ኢራቅ ሩትባ አጠገብ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ማሪን ጦር ሄሊኮፕተር በአሸዋ ማዕበል ውስጥ ወደቀ። 31 ሰው ሞተ። ሠላሳው ማሪኖች፣ አንዱ የባሕር ኃይል የሕክምና ባለሙያ። አብዛኞቹ ሃዋይ ከሚገኝ ጦር ሰፈር የሄዱ፣ ከሁለት ወር በፊት ከፋሉጃ ውጊያ በሕይወት የወጡ ልጆች ናቸው። የሚሄዱት ምርጫውን ለመጠበቅ ነበር። በራሱ በምርጫው ዕለትም አንድ የእንግሊዝ ሄርኩሊስ አውሮፕላን ከባግዳድ ሰሜን ምዕራብ ተመቶ ወድቆ ዐሥር ሰው አለቀ።

የሄሊኮፕተሩን ዜና የሰማሁት አየር ማረፊያው ታክሲ ተራ ላይ ሆኜ ነው። ከፊቴ ያለው ሾፌር ከመኪናው ወርዶ ወደ እኔ መጣ፣ መስኮቴን አንኳኳ፣ «ሰማህ?» አለኝ፣ መልሴን ሳይጠብቅ ተመለሰ። የአጎቱ ልጅ ማሪን ነው። በኋላ እንደሰማሁት ልጁ ሌላ ቦታ ነበር፣ ደህና ነው። በዚያ ሰዓት ግን አላወቀም፤ ተራው ሲደርስ ተሳፋሪ ጭኖ ሄደ። ምን ያድርግ?

ያ ቅዳሜ ከድምፅ መስጫው ስንመለስ ሽማግሌው «እነዚያ ልጆች» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። ለሙታን የሚባለውን ጸሎት በለሆሳስ አሉ። ቀለበት መንገዱ ላይ መኪናው ሁሉ መብራቱን አብርቶ ይንፏቀቃል። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ለእኔ ይሁን ለባላቸው አልለየሁም።

«እናቶቻቸው ይቺን ጣት ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?»

ማንም አልመለሰም። እኔም ዛሬ ልመልሰው አልቀመጥኩም። ግን ከአራት ቀን በኋላ የሆነውን አይቻለሁ።

ረቡዕ ጥር 25 ማታ ሾፌሮች የምንሰበሰብበት አንድ የአበሻ ቡና ቤት ውስጥ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ፕሬዚዳንት ቡሽ ለምክር ቤቱ ዓመታዊ ንግግራቸውን ያደርጋሉ። ከላይ ከቀዳማዊት እመቤቲቱ አጠገብ ሳፊያ አል ሱሃይል የምትባል ኢራቃዊት ተቀምጣለች። አባቷን የሳዳም ሰዎች በፈረንጆቹ 1994 ቤሩት ውስጥ ገድለውባታል። ስሟ ሲጠራ ተነሥታ ጣቷን አሳየች። እዚያው አጠገብ ከቴክሳስ የመጡ ባልና ሚስት አሉ፤ ባይረን ኖርውድ የሚባል ልጃቸው፣ የማሪን ሳጅን፣ ኅዳር ላይ ፋሉጃ ውስጥ ተገድሏል። እናቱ ጃኔት ኖርውድ ስትነሣ ሳፊያ ዞራ አቀፈቻት።

«ቲያትር ነው» አለ አንዱ ከእኛ ጠረጴዛ። ሐሰት አላለም። ወንበሩን ማን ከማን አጠገብ እንዳስቀመጠ ለማወቅ ፖለቲካ መማር አያስፈልግም። ግን በዚያች ቅጽበት አዘጋጁ ያላሰበው ነገር ሆነ። እናትየዋ የልጇን የአንገት መለያ፣ ወታደር ሲሞት አስከሬኑ የሚለይበትን ያን ቆርቆሮ፣ ከነሰንሰለቱ እጇ ላይ ይዛው ነበር። ተቃቅፈው ሊለያዩ ሲሉ ሰንሰለቱ የኢራቃዊቷ እጅጌ ላይ ተጠላለፈ። አልላቀቅ አለ። አገር ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ክር ከመርፌ እንደሚያወጣ ሰው ያንን ሰንሰለት ለማላቀቅ ይታገላሉ። «ቲያትር ነው» ያለው ሰውዬ ስኒውን አስቀመጠ። እኔ የማስበው ስለ ሂላዋ ሴትዮ ነው፤ ቤታቸው ሆነው እያዩ ይሆን?

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተሳፋሪ ወደ አርሊንግተን መካነ መቃብር አድርሻለሁ። ክፍል 60 የሚባለው ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የመጡት የሚቀበሩበት ነው። ሾፌር እስከ በሩ ነው፤ አንድ ቀን ግን መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ገባሁ። ድንጋዮቹ ነጭ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፣ አንዳንዱ ላይ ሳንቲም ተቀምጧል፤ የጎበኘ ጓደኛ የሚተወው ነው። አንዲት ሴት ተጣጣፊ ወንበር ዘርግታ ከድንጋዩ ጋር ታወራለች። ለቅሶ አልነበረም፤ ወሬ ነው። ስለ መኪናዋ ጎማ እያወራች መሰለኝ። እኔ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ቅናት። በሐዘንተኛ እናት መቅናት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እውነቱ ያ ነው።

ጋሼ ኤርትራ ውስጥ የነበረው የደርግ ጦር፣ የናደው ዕዝ፣ ወታደር ነበር። መጨረሻ ደብዳቤው የደረሰን ታኅሣሥ 1980 ነው። መጋቢት ላይ አፍአበት ሲወድቅ ናደው ዕዝም አብሮ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ከቀበሌም ከጦሩም አንድ ቃል የነገረን ሰው የለም። እኔ በሚቀጥለው ዓመት አፈሳውን ሸሽቼ በመተማ በኩል ወጣሁ። እናቴ ቀረች። ጥቁር አልለበሰችም። ድንኳን አልጣለችም። ዘመድ «ኧረ እርምሽን አውጪ» ሲላት መልሷ አንድ ነው፤ «አልተረዳሁም።» አማርኛ ጨካኝ ቋንቋ ነው አንዳንዴ። መርዶ አልደረሰኝም ማለቷ ነው፤ አልገባኝም ማለቷም ነው። የሞተ ወታደር ክብር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መድፍና ባንዲራ ነው። ለእኔ ክብሩ የሚጀምረው ቤቱ ሄዶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሞቷል ብሎ በመንገር ነው። የእኛን ቤት ለማንኳኳት ማንም አልመጣም። ይህን ሳስብ የማሐዊሉ ሜዳና የሰሜኑ ተራራ ይቀላቀሉብኛል፤ አንዱ የተገደለ ሲቪል፣ ሌላው ተገዶ የዘመተ ወታደር።

ኢራቅ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ያቺው ሳፊያ አል ሱሃይል በዚያው ዓመት ክረምት፣ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ የሴቶችን መብት ወደ ኋላ እንደሚመልስ ስታይ፣ ቅሬታዋን በአደባባይ ተናገረች። በማግሥቱ ዓመት ሺዓዎች የሚያከብሩት የሳመራው መስጊድ ፈነዳ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ማረድ ጀመረ። «ታዲያ ለምን ሞቱ?» የሚል ጥያቄ አሜሪካም ኢራቅም ውስጥ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ላዘዙት ሰዎች መቅረብ አለበት፤ ላለቁት ልጆች አይደለም። አብዱል አሚር ያን ሰው ሲያቅፍ የሚያየው ሕገ መንግሥት አልነበረም። ከኋላው የቆመ ሰልፍ ነው የሚያየው። ሰልፉ ውስጥ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሌላውን ያበላሸው እንደሆነ፣ ያ እቅፍ ዋጋው አይቀንስም። የመራጮቹም እንደዚሁ። የመረጧቸው ሰዎች ሰረቋቸው ብሎ በዚያ እሑድ በእግሩ የሄደውን ሰው ሞኝ የሚለውን ሰው አልወደውም፤ እኛ ጋም ብዙ አለ።

እኛ ጋ። በዚያው ዓመት ግንቦት 7 ምርጫ ሆነ። እናቴ ጎንደር ላይ ገና ሳይነጋ ወጥታ ተሰለፈች፤ እግሯን ሲያማት በቦታዋ ድንጋይ አስቀምጣ ጥግ ትቀመጣለች። ከምርጫው በኋላ የሆነውን መርማሪ ኮሚሽኑ ቆጥሮታል፤ 193 ሲቪሎች፣ ስድስት ፖሊሶች። ያን ቀን ግን ይህ አልታወቀም። እኔ ማታ የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ፤ አምስት ዶላር፣ ጀርባው የሚፋቅ። የዘጠኝ ሰዓት ሰልፍ ታሪኳን ነገረችኝ። «እንደ ስኳሩ ጊዜ ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ።

«አይደለም» አለች። «ያኔ ይጠሩን ነበር። ዛሬ ማንም አልጠራኝም።»

ስለ ኢራቃዊቷ ሴትዮ ቀደም ሲል ነግሬያት ነበርና፣ «የዚያች ሴትዮ ጣት ለቀቀላት?» አለችኝ። መጋቢት ላይ ከአንድ ገበያ አንስቻቸው እንደነበር፣ ጥፍራቸው ጫፍ ላይ ትንሽ እንደቀረ፣ እንዲቆርጡት ባላቸው ቢለምኗቸው እምቢ እንዳሉ ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ለመመዝገብ የሄድኩ ጊዜ» አለች። «ጻፊው ልጅ ነው፤ የጋሼህን ዕድሜ የሚያክል፣ ያኔ የነበረውን። ‹እማማ፣ ከቤትዎ ሌላ የሚመዘገብ ሰው አለ?› አለኝ።»

«እሺ?»

«የለም አልኩት።»

መስመሩ ላይ የሚሰማው የርቀቱ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። በዐሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ያን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። የምመልሰው ሳላገኝ፣ የካርዱ ሴትዮ በእንግሊዝኛ አንድ ደቂቃ እንደቀረኝ ነገረችኝ።